በሙሻ ደሴት ዳርቻ፤ የዓሦች ጉርብትና

ከእኛ አገር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ለወደብ ጉዳይ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሊያስለቅቅ፣ ሾፌሩ ጭነት ሊያነሣ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሰነድ ሊያስፈርም ይሄዳል፤ ጉዳዩም ባለቀ ጊዜ ሙቀቱን እያማረረ ይመለሳል። ስለ ባሕሩ ቢጠይቁት የመርከቦቹን ትልቅነት ያወራል እንጂ ከውኃው በታች ምን እንዳለ አይነግራችሁም። እኛ ግን ዛሬ ከወደቡ ጥቂት ራቅ ብለን ከውኃ በታች ያለውን ሰፈር እናስጎበኛችኋለን። ጉብኝቱም ለዓይን ደስታ ብቻ አይደለም። የመስተዋት ገንዳ በቤቱ አቁሞ የባሕር ዓሦችን አሰባስቦ ለማኖር የሚመኝ ሰው ካለ፣ ማንን ከማን ጋር ማጎራበት እንደሚገባው ከዚህ የተሻለ የሚማርበት ትምህርት ቤት አያገኝም።

መንገዱ

የቀድሞው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በእርሱ ምትክ የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውንም በ2018 ጀመረ። ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬ ዳዋ በኩል ቁልቁል ይወርድና፣ ድንበሩን ተሻግሮ ዓሊ ሰቢሕን በማለፍ ናጋድ ከሚባለው ጣቢያ ይደርሳል። ለመሄድ የሚያስብ ሰው ፓስፖርቱን አዘጋጅቶ፣ ባቡሩ መንገደኛ የሚጭንበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። በዚህ ጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ ባሕር ወለል እንደምትወርዱ ልብ በሉ፤ ኋላ ስለ ገንዳው ስንነጋገር ይህ ቁጥር ይጠቅመናል።

ለጉዞው የሚስማማው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በእኛ ክረምት ወራት ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ነፋስም ይነፍሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አየሩ ለዘብ ይላል፤ ባሕሩም ለዋናተኛ ይመቻል።

ከከተማው በጀልባ ተነሥታችሁ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስትቀዝፉ ሙሻ የምትባለውን ደሴት ታገኛላችሁ፤ ታናሽዋ መስካሊም ከአጠገቧ ናት። ሙሻ ተራራ የላትም። ዝቅ ያለች፣ ነጭ አሸዋ የከበባት፣ በአንዳንድ ወገን ሥራቸውን በጨው ውኃ ውስጥ የሚተክሉ የማንግሮቭ ዛፎች የበቀሉባት ምድር ናት። ደሴቲቱን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው «ለዚህ ነው ይህን ያህል የደከምሁት?» ቢል አይፈረድበትም። ሀብቷ ከላይ አይደለምና።

ከውኃው በታች

የባሕር መነጽር በዓይናችሁ ላይ አጥብቁ፤ የመተንፈሻውን ቱቦ በአፋችሁ ያዙ፤ ፊታችሁንም ወደ ውኃው ድፉ። መዋኘት ያልለመደ ሰው ተንሳፋፊ ሰደርያ ይልበስ፤ ብቻውንም አይግባ። ያን ጊዜ ከደረታችሁ በታች ሌላ አገር ይዘረጋል።

ድንጋይ የሚመስለው ሁሉ ድንጋይ አይደለም። ዐረቦች መርጃን፣ ፈረንጆች ኮራል የሚሉት ጥቃቅን እንስሳት እያንዳንዳቸው የኖራ ቤት እየሠሩ፣ የኋለኛው በፊተኛው ቤት ላይ እየተደረበ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ያቆሙት ግንብ ነው። አንዱ እንደ ሚዳቋ ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ ሌላው እንደ ገበታ ተዘርግቷል፤ ሌላው እንደ ሰው አንጎል ተጨማድዶ ክብ ሆኗል። በዚህ ግንብ ጉድጓድና ስንጥቅ ሁሉ ዓሣ አለ። ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ባለ ነጠብጣብ፣ ባለ መስመር፤ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፤ የገበያ ቀን ይመስላል።

እንግዲህ የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ይህን ያህል ልዩ ልዩ ወገን በአንድ ጠባብ ሰፈር ሲኖር ስለምን እርስ በርሱ ተፋጅቶ አላለቀም? በችኮላ የሚያይ ሰው «ዓሦች የዋሆች ናቸው» ይላል። ግማሽ ሰዓት ተንሳፍፎ የሚመለከት ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ሰላሙ ከየዋህነት የመጣ አይደለም፤ ቦታው፣ የምግቡ ዓይነትና የሥራ ሰዓቱ ስለ ተከፋፈለ ነው። ይህንንም ከጎረቤቶቹ አንድ በአንድ እንየው።

መልካም ጎረቤቶች

ከኮራሉ በላይ እንደ ደመና የሚንሳፈፉት ብርቱካንማ ትንንሽ ዓሦች አንቲያስ ይባላሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ደመቅ ያለው ወንድ በመካከላቸው እየተመላለሰ ይጠብቃል። ወንዱ የሞተ እንደ ሆነ ከሴቶቹ ታላቂቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀለሟን ለውጣ ወንድ ትሆናለች። ማዕበል የሚያመጣውን ጥቃቅን ነፍሳት ቀኑን ሙሉ ይለቅማሉ እንጂ የማንንም ደጅ አይረግጡም። ለገንዳ ግን ሰፊ ቤትና በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብል ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ለጀማሪ አይመከሩም።

ዝቅ ስትሉ አኔሞን የሚባለውን አበባ መሳይ እንስሳ ታያላችሁ። ጣቶቹ መርዝ አላቸው፤ የነኩትን ትንሽ ዓሣ ያደነዝዛሉ። በእነዚያ ጣቶች መካከል ግን ሁለት ነጭ መታጠቂያ ያለው ብርቱካንማ ዓሣ ያለ ፍርሃት ይተኛል። ክላውንፊሽ ይሉታል፤ ይህ ባለ ሁለት መታጠቂያው ወገን የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተወላጅ ነው። ከባልና ሚስቱ ትልቋ ሚስቲቱ ናት። እርስዋ ብትሞት ባልዬው ተለውጦ ሴት ይሆናል፤ ከበታቾቹም አንዱ ባል ይሆናል። ሁለቱ ከአኔሞናቸው ብዙ አይርቁም፤ ከደጃቸው የደረሰውን ግን ዋናተኛም ቢሆን ገፍተው ይመልሱታል። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ከአንድ ጥንድ በላይ ማስገባት ጠብ መግዛት ነው።

አሸዋው ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደስተው ጉርብትና ይገኛል። አንዲት ትንሽ ሽሪምፕ ጉድጓድ ስትቆፍር ትውላለች፤ ዓይኗ ግን እጅግ ደካማ ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጎቢ የሚባል ዓሣ ተቀምጦ ይጠብቃል። እርስዋ አሸዋውን እየገፋች ስትወጣ አንዱን ረጅም ጢሟን በገላው ላይ አሳርፋ ነው። አደጋ ሲመጣ ዓሣው ጅራቱን ያርገበግባል፤ ሁለቱም ወዲያው ወደ ውስጥ ይገባሉ። እርስዋ ቤት ትሠራለች፤ እርሱ ዘብ ይቆማል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረታችን እዚህም ይሠራል። ይህ ዓሣ የማንንም ስፍራ ስለማይመኝ ለገንዳ ከተመረጡት አንዱ ነው።

በዋሻው ጥላ ሥር ተሰብስበው የሚውሉት ዓይናቸው ትልልቅ የሆነው ዓሦች ካርዲናል ይባላሉ። የእነርሱ ሥራ በሌሊት ነው፤ የቀን ሠራተኛው ሲተኛ እነርሱ ይወጣሉ፤ ስለዚህ በአንድ ገበታ ላይ አይገናኙም። አባትየው እንቁላሉን በአፉ ይዞ እስኪፈለፈል ድረስ ጦሙን ይሰነብታል። ረጋ ያሉ፣ ማንንም የማይገፉ ናቸው።

አንድ ስፍራ ላይ ትልልቅ ዓሦች ተራቸውን ሲጠብቁ ብታዩ አትደነቁ። ያ የጽዳት ቤት ነው። ጥቁር መስመር ያለው ቀጭን ሰማያዊ ዓሣ ከደንበኞቹ ገላ ላይ ተባይ ይለቅማል፤ ከአፋቸው ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይወጣል፤ ማንም አይውጠውም። ነገር ግን መልኩንም አካሄዱንም የሚመስል ሌላ ዓሣ አለ፤ አጽጂ መስሎ ይቀርብና ክንፍና ሥጋ ነክሶ ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ለብቻው ይሣቅ! እውነተኛው አጽጂም ቢሆን ለገንዳ አይሆንም፤ የሚያጸዳው ብዙ ዓሣ ካጣ ብዙ ጊዜ በረኃብ ይሞታል።

ከሩቅ የሚወደዱ

አሁን ደግሞ ውበታቸው የሚያታልለውን እንመልከት። ማዕበል በሚመታው ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ነጭ መስመር ለብሶ የሚመላለሰው ሶሃል ነው። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል ወደ ቀይ ባሕር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ከሞተ በኋላ፣ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 ያሳተመለት መጽሐፍ ይህን ስም ለዓለም ሳይንስ አስተላለፈ። ሶሃል በጅራቱ ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ አለው። የሚበላው በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝቃጭ ነው፤ ያችን ማሳውን ግን ከሁሉ ይከላከላል። እነሆ፣ ሣር በል ሁሉ ሰላማዊ ነው ማለት እንዳልሆነ ከእርሱ እንማራለን።

አንበሳ ዓሣ በተቃራኒው ነው። እሾሃማ ክንፎቹን እንደ ጎፈር ዘርግቶ በእርጋታ ይንሳፈፋል፤ ከማንም ጋር አይጣላም። ነገር ግን በአፉ የሚገባውን ጎረቤት ሁሉ ይውጣል፤ እሾሁም መርዛማ ነውና በእጅ አይነካም። ጸጥተኛ መሆንና ሰላማዊ መሆን አንድ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱት ቢጫዎቹ የቢራቢሮ ዓሦች ደግሞ ከዓሣ ጋር ይስማማሉ፤ ኮራሉን ራሱን ግን ይበላሉ። ትሪገር የሚባለው ባለ ብርቱ ጥርስ ዓሣም ሽሪምፕና ሸርጣን ይሰባብራል።

ትልቅነትም መለኪያ አይደለም። በዚያው ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ዌል ሻርክ የሚባለው ከዓሣ ወገን ሁሉ ትልቁ ይታያል። ያ ሁሉ ግዙፍ አካል የሚመገበው በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነፍስ ነው።

መስተዋቱ የሚለውጠው ነገር

እስካሁን ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል። በሙሻ ዳርቻ ጠብ የለም ማለት አይደለም፤ በየደቂቃው አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ ታያላችሁ። ነገር ግን የተሸነፈው ሸሽቶ ከኮራሉ ማዶ ይሰወራል፤ አሳዳጁም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን የተሸነፈው ወዴት ይሸሻል? ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ሜትር ነው። አሳዳጁ ዛሬም ያየዋል፣ ነገም ያየዋል። የተባረረው መብል ይተዋል፣ ክንፉ ይቀደዳል፣ በሽታ ይይዘዋል፣ ከዚያም ይሞታል። ባለቤቱም «ውኃው ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸው ግን ምርጫው ነው።

ለምሳሌ ክሮሚስ የሚባሉት አረንጓዴ ሰማያዊ ዓሦች በሙሻ ኮራል ላይ በመቶ ሆነው በሰላም ይኖራሉ። ይህን ያየ ሰው ስድስት ገዝቶ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ቢያስገባ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ብርቱው ደካማውን ያሳድዳል፣ ስድስቱ አምስት፣ አምስቱ አራት እየሆኑ ያልቃሉ። ዓሣው ያው ነው፤ የጎደለው መሸሻው ነው። ስለዚህ ገንዳ የሚያቆም ሰው የዓሣ ገዢ ብቻ ሳይሆን የትንሽ አገር አስተዳዳሪም መሆኑን ይወቅ። ባሕሩ በራሱ ያከፋፍል የነበረውን ቦታ፣ መብልና መሸሸጊያ ከእንግዲህ የሚያከፋፍለው እርሱ ነው።

የምርጫው ሥርዓት

ሦስት መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለን እንበል። ውኃው በተራ የገበታ ጨው አይሠራም፤ ለባሕር ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀው ድብልቅ፣ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ሆኖ፣ በተጣራ ውኃ ይበጠበጣል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይጠበቃል። ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ዋሻውና ስንጥቁ ተሠርቶ፣ ዓሣ ሳይገባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ እነርሱም ከዓሣ እዳሪ የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ሌላ፣ ጉዳቱ ወደሚያንስ ነገር ይለውጡታል። የማይታገሥ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዓሦች በገዛ እዳሪያቸው ይገድላቸዋል።

ከዚያ በኋላ ዓሦቹ በተራ ይገባሉ፤ ለስላሳው በፊት፣ ደፋሩ በኋላ። ምክንያቱም ቀድሞ የገባ ገንዳውን ሁሉ እንደ ርስቱ ይቆጥረዋል። በመጀመሪያ ጎቢውና ሽሪምፒቱ ይግቡ፤ ቀጥሎ ጥቂት ካርዲናሎች፤ ከዚያ አንድ ጥንድ ክላውንፊሽ። ጥንዱ ሲመረጥ ሁለቱም ልጆች ሆነው አንደኛው ከሌላው ከፍ ያለ ይሁን፤ ትልቁ ሴት ይሆናልና። ያለ አኔሞንም ሊኖሩ ይችላሉ። በመጨረሻ ቀለም ለሚወድ ሰው አንድ ፍሪድማኒ ይጨመር፤ ይህ ሐምራዊ ዓሣ የቀይ ባሕር ተወላጅ ሲሆን፣ ከኃይለኞች ወገን ተወልዶ እርሱ ግን ከዘመዶቹ ሁሉ ለዘብ ያለ ነው። በዚህ ይብቃ። አንዱ በአሸዋ፣ አንዱ በዋሻ፣ አንዱ በመካከለኛው ውኃ፣ አንዱ በስንጥቅ ይኖራል፤ የሚጋጩበት ጉዳይ ያነሰ ነው። እያንዳንዱም አዲስ እንግዳ በሌላ ትንሽ ገንዳ ቢያንስ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ በሽታ ይዞ እንዳይገባ።

በአዲስ አበባ ለሚሞክር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ያን የከፍታ ቁጥር አሁን አስታውሱ። በከተማችን ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፍ አሥር ዓሣ ቢፈቅድ እናንተ ሰባት አድርጉት፤ የውኃውንም ፊት የሚያናውጥ ብርቱ ፓምፕ ይኑራችሁ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ የባትሪ አየር መንፊያም ከዓሣው በፊት ይገዛ። በዱባይ ወይም በዋሽንግተን የምትኖሩ አንባቢዎች ከፍታው አያሳስባችሁም፤ የጉርብትናው ሥርዓት ግን ያው ነው።

ዓሣው ከየት ይምጣ?

ከሙሻ አይምጣ። ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ጥበቃ ተደርጎላታል፤ ኮራል መስበር፣ ዛጎልም ሆነ ዓሣ መልቀም አይገባም። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ምክንያቱ ይበቃል። ኮራል የሚኖርበት ውኃ ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ጨምሮ ለሳምንታት ቢቆይ፣ በውስጡ የሚኖሩትንና ምግብ የሚሰጡትን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥቶ ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካልበረደም ይሞታል። ይህ መከራ እ.ኤ.አ. በ1998 በብዙ የዓለም ባሕሮች ደርሶ ነበር፤ በ2024ም ዓለምን ያዳረሰው የዚህ ዓይነት መከራ ለአራተኛ ጊዜ መድረሱ ታውጇል። ቤቱ በዚህ ሁሉ የተፈተነበትን ሰፈር እኛ ደግሞ ነዋሪዎቹን እየለቀምን አናራቁተው።

ደግነቱ ግን ከላይ የመረጥናቸው ክላውንፊሽ፣ ፍሪድማኒና ከካርዲናሎችም አንዳንዶቹ ዛሬ በሰው እጅ ተራብተው ይሸጣሉ። በገንዳ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ የሚሰጣቸውን ይበላሉ፤ በሽታቸውም ያነሰ ነው። ሻጩን «ከባሕር የተያዘ ነው ወይስ የተረባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁም ዓሣው በፊታችሁ መብል ሲወስድ እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ክንፉን አጥፎ ከጥግ የቆመውን በርኅራኄ አትግዙ፤ የሚበላውን፣ የሚመላለሰውን፣ ዓይኑ የጠራውን ምረጡ።

ተማሪ ለሆናችሁና ደመወዛችሁ ገና ለጀመረ ወጣቶች፣ ገንዳው ዛሬ የማይቻል ቢሆን አትዘኑ። ዘመናችሁ ረጅም ነው። በቅድሚያ ለባቡሩና ለጀልባው አጠራቅሙ፤ አንድ የባሕር መነጽርና አንድ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በሙሻ ዳርቻ ስትንሳፈፉ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በኮራሉ ላይ አትቁሙ። አንድ ዓሣ ምረጡና ግማሽ ሰዓት እርሱን ብቻ ተመልከቱ። የት ይኖራል? ምን ይበላል? ማንን ያባርራል? ከማንስ ይሸሻል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የመለሰ ሰው ገንዳውን ባቆመ ቀን ማንን ማስገባት፣ ማንንስ በባሕሩ መተው እንደሚገባው ያውቃል።